ማርኮኒና ያልተጠራው አድማጭ

ጁን 4 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ በለንደን ከተማ በሚገኘው የሮያል ኢንስቲቲዩሽን አዳራሽ ሳይንስ የሚወድ ታዳሚ ተሰብስቧል፡፡ መድረኩ ላይ የቆመው ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ሲሆን፣ የሚናገረው የዘመኑ ተአምር ስለነበረው ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነው፡፡ ንግግሩ ሲያበቃ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ ከሚገኘው የፖልዱ ጣቢያ በአየር የሚመጣ መልእክት ለታዳሚው ሊያሳይ ተዘጋጅቷል፡፡ በፖልዱ በኩል ሆኖ መልእክቱን የሚያስልከው የኩባንያው ባለቤት ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው፡፡

ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ፡፡ የፍሌሚንግ ረዳት አርተር ብሎክ ከማሳያው መብራት ዘንድ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማ፡፡ በመጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ነበር፡፡ ጆሮውን ጣል ሲያደርግ ግን ድምፁ ሥርዓት አለው፤ የሞርስ ኮድ ነው፡፡ ኮዱ ሲፈታ አይጦች የሚል ትርጉም ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግሞ ይመጣል፡፡ ቀጥሎም ሕዝቡን ስላታለለ አንድ የጣሊያን ወጣት የሚያወራ የፌዝ ግጥም ተከተለ፡፡ ጣሊያናዊው ወጣት ማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር፡፡

አድራጊው ብዙም ሳይቆይ ራሱን አሳወቀ፡፡ ኔቪል ማስክሊን ይባላል፤ በሙያው የአስማት ትርኢት አቅራቢ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የሽቦ አልባ መሣሪያ ተመራማሪ ነው፡፡ በአቅራቢያው ባለ የትርኢት ቤት አንድ ቀላል ማስተላለፊያ ተክሎ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው፡፡

ዛሬ ማታ ቤታችን ገብተን ታብሌታችንን ከፍተን ዋይፋይ እምቢ ሲለን፣ ወይም ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ መሣሪያ በራውተሩ ላይ ተሰክቶ ስናገኝ፣ የገጠመን ችግር አዲስ አይደለም፡፡ ከ120 ዓመታት በፊት በዚያ አዳራሽ የታየው ችግር ነው፡፡ ታሪኩም ከማርኮኒ ሕይወት ጋር የተቆራኘ ነው፤ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ማይጨው ሜዳም ያደርሰናል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የሰገነቱ ልጅ

ማርኮኒ የተወለደው ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ነው፡፡ አባቱ ጁዜፔ ባለርስት ሲሆን፣ እናቱ አኒ ጄምሰን አየርላንዳዊት፣ በዊስኪ ጠመቃ ከታወቀው የጄምሰን ቤተሰብ የተወለደች ናት፡፡ በዚህም የተነሳ ልጁ ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ እየተናገረ አደገ፡፡ ይህ ሁለት ቋንቋ ኋላ ላይ ዕጣ ፈንታውን ወስኗል፡፡

በመደበኛ ትምህርቱ ጎበዝ የሚባል አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድልም አላገኘም፡፡ ሆኖም የቤተሰቡ ጎረቤት የነበረው የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ ትምህርቱን እንዲከታተልና በቤተ ሙከራው እንዲገለገል ፈቀደለት፡፡ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው በ1880ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ኸርዝ በ1894 መጀመሪያ ገና በ36 ዓመቱ ሲሞት ስለ ሥራው ብዙ ተጻፈ፡፡ ሃያ ዓመት የሞላው ማርኮኒ ያንን አንብቦ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ ሞገዱ መልእክት መሸከም ይችላል የሚል፡፡

ሙከራውን የጀመረው በፖንቴኪዮ በሚገኘው የቤተሰቡ መኖሪያ፣ በቪላ ግሪፎኔ ሰገነት ላይ ነው፡፡ አንድ ሌሊት እናቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ወደ ላይ አወጣትና በክፍሉ አንድ ጫፍ ያለውን ቁልፍ ሲጫን በሌላው ጫፍ ያለ ደወል ምንም ሽቦ ሳይነካው ሲጮህ አሳያት፡፡ በ1895 ሙከራውን ወደ ውጭ አወጣ፡፡ የማስተላለፊያውን አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሲሰቅል፣ ሌላውን ደግሞ መሬት ውስጥ ሲቀብር ሞገዱ የሚደርስበት ርቀት በእጅጉ እንደሚጨምር አወቀ፡፡ በመጨረሻም መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ጀርባ የሄደው ቡድን፣ ወንድሙ አልፎንሶ ያለበት፣ ምልክቱ መድረሱን በጠመንጃ ተኩስ አበሰረው፡፡ ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፡፡

ከኮረብታው ጀርባ መስማት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ሞገዱ ዓይን በማያይበት፣ ኮረብታ በጋረደውም ቦታ ይደርሳል ማለት ነውና፡፡ የግኝቱ በረከት ይህ ነበር፡፡ ጣጣውም ይኸው ነበር፤ ሞገድ የሚደርስበትን ሁሉ መርጦ አይሄድምና፡፡

ከጉምሩክ እስከ አትላንቲክ

በ1896 ማርኮኒ ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፡፡ የእንግሊዝ የጉምሩክ ሠራተኞች ምን እንደሆነ ያላወቁትን ሳጥን ሲፈትሹ መሣሪያውን አበላሹበት፡፡ እርሱ ግን መልሶ ሠራው፡፡ በዚያው ዓመት በጁን ወር የፈጠራ መብት ጥያቄ አቀረበ፡፡ የብሪታኒያ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበረው ዊሊያም ፕሪስም ደጋፊው ሆነ፡፡ በሜይ 1897 በብሪስቶል ሰላጤ ላይ ከላቨርኖክ ወደ ፍላት ሆልም ደሴት መልእክት ባሕር ተሻገረ፡፡ በዚያው ዓመት ኩባንያ ተቋቋመ፡፡ በ1899 ደግሞ መልእክቱ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር አቋረጠ፡፡

እዚህ ላይ ስለ ማርኮኒ በትክክል መነገር ያለበት ነገር አለ፡፡ ሞገዱን ያገኘው እርሱ አይደለም፡፡ ኦሊቨር ሎጅ በእንግሊዝ፣ አሌክሳንደር ፖፖቭ በሩሲያ፣ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ በህንድ፣ ኒኮላ ቴስላ በአሜሪካ በዚሁ መስክ ይደክሙ ነበር፡፡ ማርኮኒ ከሁሉም የተለየው የተበታተነውን ዕውቀት አንድ ላይ አድርጎ፣ ርቀትን ዓላማው አድርጎ፣ ገበያ ያለው ዕቃ ማድረግ በመቻሉ ነው፡፡ ሳይንቲስት ከመሆኑ ይልቅ መሐንዲስና ነጋዴ ነበር፡፡

የዝናው ጫፍ ዲሴምበር 12 ቀን 1901 መጣ፡፡ በካናዳ በኩል በኒውፋውንድላንድ ሴንት ጆንስ ከተማ፣ ሲግናል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ማርኮኒና ረዳቶቹ ጆርጅ ኬምፕና ፐርሲ ፓጀት ከነፋሱ ጋር እየታገሉ የአንቴናውን ሽቦ በካይት ወደ ሰማይ አወጡ፡፡ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከ3,400 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ የፖልዱ ጣቢያ ሦስት ነጥቦችን ደጋግሞ ይልክ ነበር፤ በሞርስ ኮድ ኤስ የሚለው ፊደል ነው፡፡ ማርኮኒ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማሁ አለ፤ ኬምፕም መሰከረ፡፡ በወረቀት ላይ የተቀረጸ ማስረጃ ግን አልነበረም፡፡ በመሆኑም በዚያን ዕለት በእርግጥ ምልክቱን ሰምተዋል ወይስ የአየር ጫጫታ ነው የሚለው ክርክር እስካሁን ከባለሙያዎች መካከል አልጠፋም፡፡ በቀጣዩ ዓመት ፊላደልፊያ በተባለችው መርከብ ላይ ተሳፍሮ ምልክቶቹን በወረቀት ጥቅልል ላይ እያስቀረጸ ሲጓዝ ግን ጥርጣሬው ቀነሰ፡፡ ሞገዱ በሌሊት ከቀን ይልቅ እጅግ ርቆ እንደሚሄድም ያወቀው በዚሁ ጉዞ ነበር፡፡

የአትላንቲኩ ዜና ያላስደሰታቸውም ነበሩ፡፡ በባሕር ሥር የተዘረጋውን የቴሌግራፍ ገመድ የያዙት ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል፡፡ በኒውፋውንድላንድ የቴሌግራፍ ሥራን በብቸኝነት የያዘው ኩባንያ ማርኮኒን በክስ አስፈራርቶ ከዚያ አስነሳው፡፡ የገመድ ባለቤቶቹ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ነበራቸው፡፡ በገመድ የተላከ መልእክት የሚሄደው ከላኪው ወደ ተቀባዩ ነው፤ በአየር የተላከ መልእክት ግን ማንም ይሰማዋል የሚል፡፡

የማስተካከያው ተስፋ

ማርኮኒ ለዚህ መልስ አለኝ ይል ነበር፡፡ በ1900 ያገኘውና በቁጥሩ 7777 የሚታወቀው የፈጠራ መብት ማስተላለፊያንና መቀበያን በአንድ የሞገድ መጠን ማስተካከልን የሚመለከት ነው፡፡ ዛሬ የሬዲዮ ጣቢያ ለመፈለግ ቁልፍ እንደምናዞረው ማለት ነው፡፡ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ያገኙትን ሞገድ ሁሉ የሚቀበሉ ስለነበሩ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ይደባለቁ ነበር፡፡ ማስተካከያው ይህን አቃለለ፡፡ የምሕንድስናው ዋጋ ትልቅ ነው፤ ያለ እርሱ የዛሬው ሬዲዮም ሆነ ዋይፋይ አይኖርም፡፡

ማርኮኒ ግን ከዚህ አልፎ ሄደ፡፡ በተመሳሳይ መጠን ያልተስተካከለ መሣሪያ መልእክቱን ሊጠልፍ አይችልም ሲል በአደባባይ ተናገረ፡፡ የሬዲዮ መጠንን እንደ ቁልፍ፣ ማስተካከልን እንደ ምስጢር አቀረበው፡፡ ስህተቱ ይህ ነበር፡፡ የቤቱ ቁጥር ስንት እንደሆነ አለመንገር በሩን መቆለፍ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚፈልግ ሰው ደጁን እየቆጠረ ይደርስበታል፡፡

ማስክሊን ያደረገው ይህንኑ ነው፡፡ የገመድ ኩባንያ የሆነው ኢስተርን ቴሌግራፍ ቀጠረውና ፖርትከርኖ በተባለ የኮርንዎል ጠረፍ ረጅም ምሰሶ ተክሎ ማዳመጥ ጀመረ፡፡ የማርኮኒን መልእክቶች ያለ ብዙ ድካም ሰማ፡፡ የሰማውንም በ1902 መጨረሻ በአንድ የኤሌክትሪክ ሙያ መጽሔት ላይ አወጣው፡፡ ይህ መጥለፍ ነው፡፡ በጁን 1903 በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የፈጸመው ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ መረበሽ፡፡ የእርሱ ማስተላለፊያ በአንድ መጠን ያልተወሰነ፣ ሰፊ ብልጭታ የሚረጭ ስለነበር በጥንቃቄ የተስተካከለውን መቀበያ ጥሶ ገባ፡፡

ፍሌሚንግ በንዴት ለታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ወንጀለኛውን ለመያዝ የአንባቢያንን እርዳታ ጠየቀ፡፡ ማስክሊን በዚያው ጋዜጣ በቀናት ውስጥ መልስ ሰጠ፡፡ እኔ ነኝ፤ ያደረግሁትም ለሕዝብ የተሸጠው ተስፋ እውነት አለመሆኑን ለማሳየት ነው የሚል መንፈስ ያለው መልስ፡፡ የማስክሊን እጅ ንጹሕ አልነበረም፤ የተቀናቃኝ ኩባንያ ተከፋይ ነበር፡፡ ያሳየው ነገር ግን እውነት ነበር፡፡ የሚገርመው ደግሞ የማርኮኒ ወገን የተቆጣው በጉድለቱ ሳይሆን ጉድለቱን ባሳየው ሰው ላይ መሆኑ ነው፡፡

ታይታኒክና ያንቀላፋው ጆሮ

ነቀፌታው ንግዱን አላቆመውም፡፡ በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈለ፡፡ ኩባንያው መሣሪያውን ለመርከቦች የሚያከራይ፣ ሠራተኛውንም አብሮ የሚልክ ሆነ፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማርኮኒ ጣቢያዎች ከሌላ ኩባንያ መሣሪያ ጋር መልእክት አይለዋወጡም ነበር፡፡ ይህ ብዙ አገሮችን አስቆጥቶ በ1903 እና በ1906 በበርሊን ለተካሄዱት ጉባኤዎች ምክንያት ሆኗል፡፡

በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ የበረዶ ግግር ስትመታ በመርከቧ ላይ የነበሩት የሬዲዮ ሠራተኞች ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የማርኮኒ ኩባንያ ቅጥረኞች ነበሩ፡፡ የእርዳታ ጥሪያቸውን የሰማችው ካርፓቲያ ደርሳ 700 ያህል ሰዎችን አዳነች፡፡ ከ1,500 ያላነሱት ግን ሞቱ፡፡ ይበልጥ ቅርብ የነበረችው ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ ብቸኛ የሬዲዮ ሠራተኛዋ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር፡፡ ከዚህ በኋላ ነው መርከቦች ሌት ተቀን የሬዲዮ ዘብ እንዲኖራቸው፣ አሠራጮችም ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድዱ ሕጎች የመጡት፡፡ የተረፉት ሰዎች ማርኮኒን እንደ አዳኛቸው ቆጠሩት፡፡ ያለ እርሱ መሣሪያ አንድም ሰው ላይተርፍ ይችል ነበርና አልተሳሳቱም፡፡

በዚያው ዓመት ማርኮኒ በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ፡፡ በ1914 የጣሊያን ሴናተር ሆነ፡፡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤሌትራ የተባለች የመዝናኛ መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ አደረጋት፡፡ ከመጀመሪያ ሚስቱ ከቢያትሪስ ኦብራየን ተለያይቶ በ1927 ማሪያ ክሪስቲና ቤዚ ስካሊን አገባ፡፡ በ1931 የቫቲካን ሬዲዮን አቋቁሞ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ አስረከበ፡፡ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጣም አጫጭር ሞገዶችን መመርመር ጀምሮ ቫቲካንን ከካስቴል ጋንዶልፎ ጋር በማይክሮዌቭ ስልክ አገናኘ፡፡ ዛሬ የቤታችን ዋይፋይ የሚሠራው ከዚያም ባጠረ ሞገድ ነው፡፡

ጥቁር ሸሚዝ

የማርኮኒን ሕይወት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከባድ የሚያደርገው ክፍል እዚህ ይጀምራል፡፡ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፡፡ በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው፡፡ ከሞቱ ብዙ ዓመታት በኋላ የተገኙ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ በእርሱ ፕሬዚዳንትነት ዘመን ለአካዳሚው የታጩ አይሁዳውያን ሳይንቲስቶች በስማቸው አጠገብ ምልክት እየተደረገባቸው ቀርተዋል፡፡ ይህ የጣሊያን የዘር ሕግ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ነው፡፡

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 (መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ፡፡ ማርኮኒ በስልሳ አንድ ዓመቱና በታመመ ልቡ የወረራው ጠበቃ ሆነ፡፡ ስሙንና ዝናውን ይዞ በውጭ አገር እየዞረ የጣሊያንን አቋም አስረዳ፡፡ በለንደን በሬዲዮ ቀርቦ ለመናገር ሲጠይቅ ቢቢሲ ከለከለው፡፡ ሬዲዮን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ማይክሮፎን ተነፈገ፡፡

በሌላ በኩል ይኸው ሬዲዮ የተወረረችው አገር ድምፅም ነበር፡፡ አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1935 ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ለውጭው ዓለም ሕዝብ አቤቱታቸውን አሰምተዋል፡፡ መሣሪያው ወገን አይለይም፤ ላኪውንም ሰሚውንም አይመርጥም፡፡

ይህ አለመምረጡ በማይጨው ዋጋ አስከፈለ፡፡ በማርች 1936 ንጉሠ ነገሥቱ የቀረውን ዋና ጦር ይዘው በማይጨው ግንባር ሲዘጋጁ፣ ለማጥቃት መወሰናቸውን ገልጸው ጸሎት እንዲደረግ ለእቴጌ መነን በሬዲዮ መልእክት ላኩ፡፡ ነገሩ በምስጢር እንዲያዝም አሳስበው ነበር፡፡ መልእክቱን ግን ጣሊያኖች ጠለፉት፡፡ ማርሻል ባዶሊዮ ሊያደርግ ያሰበውን ግስጋሴ ትቶ ጦሩ ምሽግ እንዲያጠናክርና ጥቃቱን ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ አዘዘ፡፡ ማርች 31 ቀን 1936 (መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) ጎህ ሳይቀድ የኢትዮጵያ ጦር፣ የክብር ዘበኛውን ጨምሮ፣ ቀኑን ሙሉ በጀግንነት ቢያጠቃም የሚጠብቀውን መትረየስና መድፍ፣ ከላይ የሚወርደውንም ቦምብ መስበር አልቻለም፡፡

ጦርነቱ የተሸነፈው በአንድ የተጠለፈ መልእክት ነው ማለት አይቻልም፡፡ የመርዝ ጋዙ፣ አውሮፕላኑና የመሣሪያው ብልጫ ነበር፡፡ ጠለፋውንም ማርኮኒ በእጁ አልፈጸመውም፡፡ ነገር ግን ድንገተኛ ጥቃት ብቸኛ ተስፋው ለሆነ ሠራዊት ጠላቱ አስቀድሞ ማወቁ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ወታደር መሆን አያስፈልግም፡፡ ማስክሊን በለንደን በቀልድ ያሳየው ነገር ከ33 ዓመታት በኋላ በማይጨው ተራሮች ላይ በደም ተከፈለበት፡፡

ሁለት ደቂቃ ጸጥታ

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮም በልብ ድካም ሞተ፤ 63 ዓመቱ ነበር፡፡ በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ አምስት ወር ብቻ አልፎ ነበር፡፡ ጣሊያን በመንግሥት ሥርዓት ቀበረችው፡፡ በብሪታኒያና በሌሎችም አገሮች የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ማሰራጨት አቁመው ዝም አሉ፡፡ በ1943 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማስተካከያው ላይ የነበረውን የአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ዋና ዋና ክፍሎች፣ እነ ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን ቀድመውታል በማለት ሻረ፡፡ ምስጢር ይጠብቃል የተባለው ያ ማስተካከያ በመጨረሻ የእርሱ ብቻ እንኳ አልሆነም፡፡

ማርኮኒ ቤታችን ውስጥ

አሁን ወደ ታብሌታችን እንመለስ፡፡ ዋይፋይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ የመጀመሪያው መጠበቂያው ዌፕ ይባል ነበር፡፡ የስሙ ፍቺ ከገመድ ጋር እኩል የሆነ ምስጢራዊነት ማለት ነው፡፡ ማርኮኒ ለገመድ ኩባንያዎቹ የሰጠው መልስ ማለት ነው፡፡ በ2001 ተመራማሪዎች ዌፕ በቀላሉ እንደሚሰበር አሳዩ፡፡ በ2003 ደብልዩ.ፒ.ኤ.፣ በ2004 ደብልዩ.ፒ.ኤ. 2 ተተካ፡፡ በ2017 በዚህኛውም ላይ ክፍተት ተገኘና በሶፍትዌር ማሻሻያ ተደፈነ፡፡ በ2018 ደብልዩ.ፒ.ኤ. 3 መጣ፡፡ በየጊዜው ጉድለቱን ያሳየው አንድ ማስክሊን ነው፤ ልዩነቱ የዛሬዎቹ አምራቾች ከፍሌሚንግ በተሻለ አድምጠው ማረማቸው ነው፡፡

ታብሌቱ አልገናኝ ሲል እንደ አርተር ብሎክ መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ይገባል፡፡ በዚያው ቦታ ላይ ሌላ ስልክ ይሞከር፡፡ ስልኩ ከሠራ ችግሩ ታብሌቱ ላይ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም የተቀመጠውን የዋይፋይ ስም አስረስቶ ፓስወርዱን እንደገና ማስገባት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፡፡ ስልኩም ካልሠራ ራውተሩ ዘንድ መሄድ ነው፡፡ ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መሰካት፤ ራውተሩ በርቶ ኢንተርኔት ከሌለ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ነው የሚያዋጣው፡፡ አጠገቡ ሲሆን የሚሠራ፣ መኝታ ቤት ሲገባ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ የግድግዳ ነገር ነው፡፡ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይበግረዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዙ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ነገር ግን ከጎረቤት ራውተርና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ጋር ይጋጫል፡፡ የማስክሊን ብልጭታ ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፡፡

ከመረበሽ ይልቅ የሚያሰጋው ግን መጠለፍ ነው፡፡ ብዙ ሰው የዋይፋዩን ስም እንዳይታይ በመደበቅ የተጠበቀ ይመስለዋል፡፡ ይህ የ7777 ስህተት ነው፤ የተደበቀውን ስም የሚያገኝ መሣሪያ ማንም እጅ ይገባል፡፡ የሚጠብቀው ምስጠራና ጥሩ ፓስወርድ ነው፡፡ በራውተሩ ላይ ደብልዩ.ፒ.ኤ. 3፣ ከሌለ ደብልዩ.ፒ.ኤ. 2 ይመረጥ፡፡ ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፤ ምክንያቱም በደብልዩ.ፒ.ኤ. 2 አንድ ሰው ታብሌታችን ሲገናኝ የሚለዋወጠውን ምልክት ከደጅ ሆኖ ቀድቶ፣ ቤቱ ሄዶ በኮምፒውተር በሚሊዮን የሚቆጠር ግምት ሊሞክርበት ይችላል፡፡ የስልክ ቁጥርና የልጅ ስም ለዚህ ግምት ቶሎ ይወድቃሉ፤ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ግን አይወድቁም፡፡ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአስተዳዳሪ ፓስወርድም የግድ መቀየር አለበት፡፡ በአንድ ቁልፍ ወይም በስምንት አኀዝ የሚያገናኘው ደብልዩ.ፒ.ኤስ. የተባለው አቋራጭ ይዘጋ፡፡ ለእንግዳ የሚሆን የተለየ መስመር ራውተሩ ካለው ይከፈት፤ ከገመድ በላይ እንግዳ የምንወድ ሕዝብ ነንና ዋናውን ፓስወርድ ለመጣ ለሄደው ማደል ይቀራል፡፡ የራውተሩም የታብሌቱም ማሻሻያ በወቅቱ ይጫን፡፡ አልፎ አልፎም የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍቶ መቁጠር ጥሩ ነው፡፡ በቤቱ ስድስት መሣሪያ እያለ ዝርዝሩ ስምንት ካለ፣ ፓስወርዱን ቀይሮ ሁሉንም እንደገና ማገናኘት ነው መፍትሔው፡፡

ማርኮኒ ታላቅ ሥራ የሠራ ሰው ነበር፡፡ በባሕር ላይ የዳኑት ሁሉ ለዚህ ምስክር ናቸው፡፡ ሆኖም ለሥራው የማይችለውን ቃል ገባለት፤ በመጨረሻም ዝናውን ለማይገባ ዓላማ አዋለው፡፡ ከሁለቱም የምንማረው አለ፡፡ ሁለተኛውን ታሪክ ፈርዶበታል፡፡ የመጀመሪያው ግን በእኛ እጅ ነው፤ ዛሬ ማታ ታብሌቱን ከመክፈታችን በፊት የራውተሩን ፓስወርድ ስንቀይር፣ ያ ያልተጠራ አድማጭ ከደጅ እንዲቀር እናደርጋለን፡፡